የሽጉጥ ብራንድ መቀየር፦ ከመወሰንዎ በፊት ደረጃ በደረጃ የሚሠሩት ሥራ

ሽጉጥ የመቀየር ሐሳብ ብዙውን ጊዜ የሚወለደው በመጥፎ ቀን ነው። ጥይቱ ዒላማው ላይ ተበታትኗል፤ ወይም ሽጉጡ ሁለት ጊዜ ነክሷል፣ ማለትም ጥይት መጉረስ ወይም ቀለህ ማውጣት አቅቶት ቆሟል፤ ከጎን የቆመው ሰው ደግሞ በሌላ ፋብሪካ ሽጉጥ አንዱን ቀዳዳ በሌላው ላይ ይደርባል። ያን ጊዜ ዓይን ከራስ እጅ ተነሥቶ ሰው እጅ ላይ ያርፋል። እኔ እስካሁን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። አንደኛው አስፈላጊ ነበር። ሁለተኛው ግን የአንድ ዓመት ልምምዴን ወስዶብኛል። ሽጉጡ ምንም አልጎደለውም፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት።

ጦር ሠራዊት እንኳን በዚህ ጉዳይ አይቸኩልም። የአሜሪካ ጦር የጆን ብራውኒንግን ሽጉጥ የተቀበለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ነው። ወደ ቤሬታ የተሻገረው በ1985፣ ወደ ሲግ ሳወር ደግሞ በ2017 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ዋናው ሽጉጥ የተለወጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሽጉጥ ሲለወጥ አፎቱ፣ ካዝናው (ጥይት ተሞልቶ እጀታው ውስጥ የሚገባው)፣ መለዋወጫው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰዉ የእጅ ልማድ አብሮ መለወጥ አለበት።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር ልበል። ብራንድ የሚመርጥ ሰው የማያውቃቸውን ሽጉጦች ደጋግሞ በእጁ ይይዛል፤ አደጋው ያለውም እዚያ ነው። ማንኛውንም ሽጉጥ ሲቀበሉ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይያዙ፣ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ፣ ከዚያም በመጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ። ቀጥለው የላይኛውን ተንሸራታች ወደ ኋላ ስበው የጎረሰ ጥይት ካለ ያስወጡ። ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል በዓይን ይዩ፣ በጣት ይዳስሱ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ። መጀመሪያ ተንሸራታቹን ስበው ካዝናውን በኋላ ካወጡ፣ ያ ሽጉጥ ከካዝናው አዲስ ጥይት ጎርሶ እጅዎ ላይ ቀርቷል። "ባዶ መስሎኝ ነበር" የሚለው ቃል በብዛት የሚነገረው ከዚህ ስሕተት በኋላ ነው።

1. ቅሬታዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

በቃል አያስቡት፤ በወረቀት ላይ ያስፍሩት። "ይህ ሽጉጥ አልተመቸኝም" ቅሬታ አይደለም። "ካዝና ለመቀየር አውራ ጣቴ መልቀቂያው ላይ ስለማይደርስ እጀታውን በእጄ ውስጥ ማዞር አለብኝ" ቅሬታ ነው። "ከ100 ጥይት ውስጥ ሦስቱ ሳይጎርሱ ቀሩ"፣ "ከ15 ሜትር ስተኩስ ሁልጊዜ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዳል" እነዚህም ቅሬታዎች ናቸው፤ ሊፈተኑ ይችላሉ። ወረቀቱ ላይ የሚጽፉት ካጡ ጉዳዩ የአምሮት ነው። አምሮት ነውር የለበትም፤ ሆኖም ሕይወት የሚጠበቅበትን መሣሪያ ለመለወጥ አይበቃም።

2. ጥፋቱ የሽጉጡ፣ የጥይቱ ወይስ የእጅዎ?

ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ደረጃ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዘሎት ያልፋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ሁሉ፣ የእጃችንን ጥፋት በብረቱ ላይ መጫን ይቀለናል።

አንድ ወዳጄ በቀኝ እጁ የሚተኩስ ነው፤ ጥይቱ ሁልጊዜ ከመሐል ዝቅ ብሎ ወደ ግራ ይመታበት ነበር። የማነጣጠሪያው ጥፋት ነው ብሎ ሽጉጡን ሸጦ የሌላ ፋብሪካ ሥራ ገዛ። በአዲሱም ያው ሆነ። ካዝናውን ተቀብዬው አምስት እውነተኛ ጥይትና ሁለት ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች፣ የትኛው የት እንዳለ ሳያይ፣ አደባልቄ ሞላሁለት። ሁለት ጊዜ ተኮሰ። በሦስተኛው "ቀጭ" ብቻ አለ። ጥይት ሳይወጣ፣ የሚገፋው ነገር ሳይኖር፣ አፈሙዙ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ተወረወረ። ድምፁንና ግፊያውን ቀድሞ በመፍራት እጁ ራሱ ሽጉጡን ወደ ታች ይጫነው ነበር። ሽጉጡን ዝቅ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በኋላ "የፊተኛውን በከንቱ ሸጥኩት ማለት ነው?" ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ራሱ ያውቀዋል።

ይህን ፈተና ሳያደርጉ ስለ ዒላማ ስሕተት ብራንድ አይክሰሱ። ሌላው ቀላል ማረጋገጫ ሽጉጥዎን ከእርስዎ የተሻለ ለሚተኩስ ሰው መስጠት ነው። በእሱ እጅ መሐል ከመታ ጉዳዩ ተዘጋ፤ የሚያስፈልግዎ ጥሩ አሠልጣኝ ነው።

ቅሬታዎ ሽጉጡ መንከሱ ከሆነ ምርመራው በሌላ መንገድ ይሄዳል። በመጀመሪያ ካዝናዎችዎን በቁጥር ምልክት ያድርጉባቸው። ብዙው ችግር የሚመነጨው ከካዝና ነው፤ ከንፈሩ ተጣሟል፣ ወይም ሞላው ደክሟል። ሁልጊዜ የሚነክሰው "ቁጥር 2" ሲሆን ብቻ ከሆነ የሚጣለው ካዝናው ነው። ቀጥሎ ሽጉጡን ጠርገው በትክክል ዘይት ይቀቡት። ከዚያ የጥይቱን ዓይነት ይለውጡ፤ ጫፉ ሾጣጣ ወይም ክብ የሆነውን ያለ ችግር የሚጎርስ ሽጉጥ ጫፉ ክፍት በሆነው ጥይት ሊቸገር ይችላል። ተንሸራታቹን የሚመልሰው ሞላም ዕድሜ አለው፤ በሺዎች የሚቆጠር ጥይት የተኮሰ ሽጉጥ ሞላው ሳይቀየር ከቆየ ባለቤቱ እንጂ ፋብሪካው አይወቀስም። የቀለህ ማውጫው ጥፍር ቢሰበር ወይም ቢቆሽሽ ደግሞ ባዶ ቀለሁ ሳይወጣ ይቀራል። ይህ በጥገና ባለሙያ እጅ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው።

የእጅ አያያዝም ሽጉጥን ያስነክሳል። አንጓው የላላ ሰው ሲተኩስ ሽጉጡ በሙሉ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ተንሸራታቹ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል። በተለይ ቀላል በሆኑት፣ አካላቸው ከፕላስቲክ በተሠራ ሽጉጦች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። በአንድ ሰው እጅ የሚነክስ ሽጉጥ በሌላው እጅ 200 ጥይት ያለ እንከን የሚተኩሰው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም የሽጉጡን ተከታታይ ቁጥር ይዘው ፋብሪካው በዚያ ሞዴል ላይ የጥሪ ወይም የማስተካከያ ማስታወቂያ አውጥቶ እንደሆነ ያጣሩ። ይህን ሁሉ አድርገው ችግሩ ከቀጠለ፣ አሁን በቂ ምክንያት አለዎት።

3. እጅዎን ይለኩ

ብራንድ ለመቀየር ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ እውነተኛ ሆኖ ያገኘሁት የእጅና የእጀታ አለመጣጣም ነው። ይህ በልምምድ አይድንም። ጣት አያድግም።

ባዶነቱን ያረጋገጡትን ሽጉጥ በአንድ እጅ ይያዙ። የአፈሙዙ መስመር ከክንድዎ አጥንት ጋር ቀጥ ይበል። በዚያ አያያዝ የሌባ ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ለስላሳ ክፍል ምላጩ መሐል ላይ ካረፈ ልኩ ነው። የጣትዎ ጫፍ ብቻ ከደረሰ እጀታው ለእርስዎ ወፍራም ነው፤ ሲስቡ ሽጉጡን ወደ ጎን ይገፉታል። አንጓው ራሱ ምላጩ ላይ ከወደቀ ደግሞ እጀታው ቀጭን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ትንሿ ጣትዎ እጀታውን ትይዛለች ወይስ ከታች ተንጠልጥላለች የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ከመሸጥ በፊት የሚሞከር ነገር አለ። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ ሽጉጦችና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 ወዲህ የወጡት አራተኛ ትውልድ ግሎኮች የእጀታቸው ጀርባ ይቀየራል። የሲግ ሳወር ፒ320 ደግሞ የመተኮሻው ክፍል ብቻውን ስለሚወጣ በሌላ መጠን እጀታ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከሽጉጡ ጋር የመጡት ተቀያሪ ቁርጥራጮች በሳጥኑ ውስጥ ሳይነኩ የተቀመጡባቸው ብዙ ባለቤቶች አሉ። ከሳጥኑ አውጥተው ይሞክሯቸው።

የእጀታው ዝንባሌም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ዓይንዎን ጨፍነው ሽጉጡን ወደ ግድግዳ ያንሱና ዓይንዎን ይክፈቱ። የፊት ማነጣጠሪያው ከኋለኛው በላይ ጎልቶ ከታየ እጅዎ ለዚያ እጀታ ገና አልለመደም። የግሎክ እጀታ 1911 ከሚባለው የብራውኒንግ ሽጉጥ ይበልጥ ያዘነበለ ነው፤ በ1911 ለዓመታት የተለማመደ ሰው ግሎክ ሲያነሣ አፈሙዙ ሽቅብ የሚሄድበት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ በልምምድ ይስተካከላል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ክብደትንም አይናቁ። ቤሬታ 92 ባዶውን ወደ 950 ግራም ይመዝናል፤ ግሎክ 17 ከባዶ ካዝናው ጋር ወደ 700 ግራም ነው። ተመሳሳይ ጥይት ሲተኩሱ ከባዱ ይበልጥ ይረጋጋል፤ ቀኑን ሙሉ በወገብ ሲያዝ ደግሞ ቀላሉ ይመረጣል። የትኛው ሥራ እንደሚበዛብዎ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

4. ጣቶችዎ የሚያውቁትንና አዲሱ ሽጉጥ የሚጠይቀውን ያነጻጽሩ

የመጀመሪያ ሽጉጤ መጠበቂያ ቁልፉ በአውራ ጣት ወደ ታች ሲገፋ የሚከፈት ነበር። ለዓመታት እንደዚያ ለመድኩ። በኋላ የገዛሁት የሌላ ፋብሪካ ሽጉጥ በተቃራኒው ነበር፤ ወደ ታች ሲገፋ ይዘጋል። በልምምድ ሜዳ ላይ ምልክቱ ሲሰማ ሽጉጡን ከአፎቱ መዘዝኩ። ቁልፉ ክፍት ነበር። አውራ ጣቴ ግን ሳላዘው የለመደውን አደረገ፤ ወደ ታች ገፋው። ምላጩን ስስበው ላላ፣ የሚይዘው ነገር እንደሌለው ሁሉ ከጣቴ ጋር ሄደ። ለመተኮስ ዝግጁ የነበረውን ሽጉጥ ራሴ ዘጋሁት። ከፊቴ የነበረው ወረቀት ስለሆነ ምንም አልመጣብኝም። ቅድም የአንድ ዓመት ልምምዴን ወሰደብኝ ያልኩት ይህ ነው፤ ሳልገዛ በፊት መጠየቅ የነበረብኝም "ቁልፉ ወዴት ይከፈታል?" የሚለውን ነበር።

ስለዚህ እጩ ሽጉጥዎን ይዘው እነዚህን አንድ በአንድ ያጣሩ። በ1911ና በሲዜድ 75 መጠበቂያው ወደ ታች ሲገፋ ይከፈታል። በማካሮቭም ወደ ታች ሲወርድ ነው የሚተኮሰው። በቤሬታ 92 ግን ወደ ላይ ነው። ግሎክ በእጅ የሚዘጋ ቁልፍ የለውም፤ ሦስቱም መጠበቂያዎቹ ምላጩ ሲሳብ በራሳቸው ይለቃሉ። ከባለ ቁልፍ ሽጉጥ ወደ ግሎክ የሚሻገር ሰው በጣቱና በአፎቱ ላይ ያለው ኃላፊነት እጥፍ ይሆናል፤ ምላጩን ሙሉ በሙሉ በማይሸፍን ለስላሳ አፎት ሊይዘው በፍጹም አይገባም።

የምላጩም ጠባይ ይለያያል። ቤሬታ 92ና ሲግ ፒ226ን የመሰሉት መዶሻቸው በወረደበት ሁኔታ የመጀመሪያው ጥይት ረጅምና ከባድ ስበት ይፈልጋል፤ በቤሬታ ወደ 5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከሁለተኛው ጀምሮ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በግሎክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ 2 ኪሎ ግራም ተኩል። ከአንድ ዓይነት ወደ ሁለት ዓይነት ምላጭ የሚሻገር ሰው የመጀመሪያ ጥይቱ ለወራት ሲስትበት ይቆያል።

ካዝና መልቀቂያውን ይዩ፤ በአብዛኞቹ ከምላጭ ቀለበቱ ጀርባ ያለ ቁልፍ ነው፣ በማካሮቭ ከእጀታው ግርጌ ነው። ግራኝ ከሆኑ ቁልፉ ወደ ቀኝ ጎን መዛወር ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። አፈታቱንም እንዲያሳዩዎት ያድርጉ። ግሎክን ለጽዳት ለመፍታት ምላጩ መሳብ አለበት፤ ኤም ኤንድ ፒ እና ፒ320 ምላጭ ሳይሳብ ይፈታሉ። ሽጉጡ ሁልጊዜ ባዶነቱ ተረጋግጦ የሚፈታ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በቤትዎ ሌላ ሰውም የሚያጸዳው ከሆነ ግን ያስቡበት።

5. የጥይቱን ዓይነት ያረጋግጡ

ይህ አጭር ነው፤ ግን አይታለፍ። "9 ሚሊ ሜትር" የሚለው ስም አንድ ጥይት ብቻ አይደለም። የማካሮቩ 9 በ18 እና በዓለም የተስፋፋው 9 በ19 ስማቸው ቢቀራረብም አይተካኩም፤ የቀለሃቸው ርዝመት ይለያያል፣ የማካሮቩ እርሳስ ውፍረት 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሌላው 9.01 ነው። ብራንድ ሲቀይሩ የጥይቱን ዓይነትም የሚቀይሩ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ሳጥን ውስጥ በፍጹም አያስቀምጡ።

6. ሁለቱን ጎን ለጎን ይተኩሱ

እጩውን ተከራይተው ወይም ባለቤቱ አጠገብዎ ባለበት ለምነው ይተኩሱት። በእጅ ይዞ "ይመቻል" ማለት ጫማን በእጅ ይዞ ልክ ነው እንደማለት ነው።

ለእያንዳንዱ ሽጉጥ ከአንድ ሳጥን የወጣ ተመሳሳይ ጥይት 50 ይመድቡ። ከ7 ሜትር በዝግታ አምስት አምስት ጥይት ይተኩሱ፤ ከዚያ ከ15 ሜትር። ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያድርጉ፦ መጀመሪያ የራስዎን፣ ቀጥሎ እጩውን፣ እንደገና እጩውን፣ በመጨረሻ የራስዎን። ሁልጊዜ እጩውን በመጨረሻ ከተኮሱ ድካምዎ በእሱ ላይ ይቆጠራል። ከአንድ አምስት ጥይት ምንም አይደምድሙ፤ አምስት ጥይት በአጋጣሚ ጠብበው ሊገጥሙ ይችላሉ። ቢያንስ አምስት ዒላማ ከእያንዳንዱ ይሰብስቡ፣ ከጫፍ ጫፍ በማስመሪያ ይለኩ፣ ቀኑንም ጽፈው ያስቀምጡ።

በተለይ የመጀመሪያዋን ጥይት ለብቻ ምልክት ያድርጉባት። ሽጉጥ ለራስ መከላከያ የሚይዝ ሰው የሚያስፈልገው ያልሞቀ እጅ የሚተኩሳት ያች ጥይት ነች።

ይህን ሁሉ በሌላ ቀን ይድገሙት። ምክንያቱም አዲስ ሽጉጥ የያዘ ሰው ይጠነቀቃል፤ እጀታውን አጥብቆ ይይዛል፣ ማነጣጠሪያውን ያስተውላል፣ ምላጩን በቀስታ ይስባል። የመጀመሪያው ቀን ውጤት የጥንቃቄው ውጤት ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ቀን አዲስነቱ ሲቀንስ የሽጉጡ እውነተኛ ጠባይ ይወጣል። ልዩነቱ በሁለቱም ቀን በአንድ አቅጣጫ ካዘነበለና በደረጃ አንድ የጻፉትን ቅሬታ የሚመልስ ከሆነ፣ ይቀይሩ። ልዩነቱ በቀን የሚገለባበጥ ከሆነ ያለዎትን ይያዙ፤ የአዲሱን ዋጋ በጥይትና በሥልጠና ላይ ያውሉት።

7. ሙሉውን ወጪ ይደምሩ

የሽጉጡ ዋጋ መጀመሪያው ብቻ ነው። በላዩ ላይ ቢያንስ ሦስት ካዝና፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራ አፎት፣ የካዝና መያዣ፣ ተጠባባቂ ሞላ፣ ሽጉጡን ለመልመድ የሚተኮሰውን ጥይትም ይደምሩ። መለዋወጫውና የሚጠግን ባለሙያ በአቅራቢያዎ መኖራቸውን አስቀድመው ይወቁ። ብርቅ የሆነ ብራንድ አንዲት ትንሽ ሞላ ስትሰበር ለወራት መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

8. ከወሰኑ፣ ሙሉ በሙሉ ይሻገሩ

በመጀመሪያ ፈቃዱን የሚሰጠውን አካል ይጠይቁ። ፈቃድዎ ለአንድ ተከታታይ ቁጥር ብቻ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። አዲሱን ከመረከብዎ በፊት ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ይፈቀድልዎ እንደሆነ በጽሑፍ ይወቁ።

አዲሱ እጅዎ ከገባ በኋላ ወዲያው አይታጠቁት። እኔ የምከተለው መስፈርት ይህ ነው፦ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያለ ጥይት መለማመድ፤ ጥይቱ በሌላ ክፍል ተቆልፎ፣ አፈሙዙ ጥይት ወደሚያቆም ግድግዳ ዞሮ። ከአፎት መምዘዝ፣ መጠበቂያውን መክፈት፣ ምላጩን መሳብ፣ ካዝና መቀየር። ከዚያ በሜዳ ላይ 200 ጥይት ያለ አንድም መንከስ መተኮስ፤ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ካዝና ያህሉ በእርግጥ የሚታጠቁት ዓይነት ጥይት ይሁን። አንዱ ከከሸፈ ምክንያቱን ፈልጌ ቆጠራውን ከዜሮ እጀምራለሁ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለቱን አያፈራርቁ። ዛሬ የድሮውን ነገ አዲሱን የሚታጠቅ ሰው ሁለት ልማድ አለኝ ብሎ ያስባል፤ በጭንቅ ሰዓት ግን አውራ ጣቱ የትኛውን እንደሚመርጥ አያውቅም። ሽግግሩ እስኪያልቅ የድሮውን ይታጠቁ፣ በአዲሱ ይለማመዱ። ባለቀ ዕለት የድሮውን ከነአፎቱ በቁልፍ ያስቀምጡት።

የድሮውን የሚሸጡት ከሆነ ከእጅ ወደ እጅ አይስጡ፤ ዝውውሩ በሕጋዊው መዝገብ ላይ ይስፈር፣ የደረሰኙንም ቅጂ ይያዙ። ቦርሳዎን፣ የመኪናዎን መሳቢያና የኮትዎን ኪስ ይፈትሹ፤ አዲሱ ሽጉጥ የማይጎርሰው የድሮ ካዝና ወይም ልቅ ጥይት ካገኙ ከሽጉጡ ጋር አብሮ ይሂድ።